ከማሞቂያው አንሳው

ባሕር ዳር፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ወገቧን ተሻላት? ሕፃኗስ በደንብ ትጠባለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአያትህን የአባባን የሙት ዓመት ተዝካር በወሩ መግቢያ አወጣን። ጠላው በቃ፣ ሰውም መጣ፣ ካህናቱም ፍትሐቱን አላጎደሉም። ያንተ ቦታ ብቻ ባዶ ነበር።

የላክኸውን የሕፃኗን ፎቶ አክስትህ በስልኳ እያሰፋች አሳየችኝ። ግንባሯ የአባባ ነው፤ ይህን ማንም አይክደኝም። ደስታዬን ሳልጨርስ ግን ዐይኔ ከአልጋዋ ጀርባ ያለው መደርደሪያ ላይ ተተከለ። አባባ በእጃቸው የጻፉት የብራና ዳዊት ያለ ማኅደሩ፣ ያለ ቆዳ መያዣው፣ ከግድግዳው ማሞቂያ በላይ ተገትሯል። ቅጠሎቹ ተጨማደው የላይኛውን ገበታ፣ የእንጨት ሽፋኑን፣ ገፍተው ከፍተውታል። በስልክ ስነግርህ «እሺ እማዬ» አልከኝ። ያንተን «እሺ እማዬ» ከልጅነትህ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጽፌ ላክሁልህ።

መጽሐፉን ከማሞቂያው አንሳው። ደብዳቤውን አስቀምጥና አሁኑኑ ተነሥተህ አንሳው፣ ከዚያ ተመልሰህ ቀጥል።

አነሣኸው? እንግዲህ ስማኝ። ከውጭ ግድግዳ ሳይሆን ከውስጠኛው ግድግዳ በኩል፣ ፀሐይ የማይደርስበት፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት የማይጎራበተው ቦታ ፈልግለት። አታቁመው፣ አስተኛው። በታጠበ ነጭ የነጠላ ቁራጭ ጠቅልለህ ከላዩ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት፣ ሁለት ሦስት ኪሎ የሚሆን ክብደት፣ እኩል አድርገህ ጫንበት። ፌስታል ውስጥ እንዳትከተው፤ ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ሻጋታ ያወጣበታል። የተጨማደደ ቅጠል በአንድ ሌሊት አይቃናም፣ ሳምንታት ይፈጅበታል። ቸኩለህ ውሃ አትርጭበት፣ በካውያ አትተኩሰው፣ እንፋሎትም አታሳየው።

ምክንያቱን አባባ ለሚያስተምሯቸው ልጆች በድስት ያሳዩአቸው ነበር። ብራና ሲቆረጥ የሚተርፈውን ቅንጥብጣቢ ሰብስበው ከውሃ ጋር ይጥዱታል። ከሰዓታት በኋላ ድስቱ ውስጥ ቆዳ የለም፤ እጅ የሚይዝ ሙጫ ብቻ ነው። ቆዳ ውሃና ሙቀት ባንድ ላይ ሲያገኙት ሙጫ ይሆናል። ሙቀት ብቻውን ሲያገኘው ደግሞ ይኮማተራል። «ብራና ፍየልነቱን አይረሳም» ይሉ ነበር። በመወጠሪያ የተቃናው ቆዳ ሲደርቅ አንገቱም ሆዱም ወደ ቀድሞው ቅርጹ ሊመለስ ይታገላል። ቀለሙ ቆዳው ላይ ተኝቷል እንጂ ወደ ውስጥ አልገባም። ቆዳው ሲንቀሳቀስ ፊደሉ ይሰነጠቅና ይረግፋል።

እናንተ አገር አሜሪካ ብርዱ ሲበረታ ማሞቂያው የቤቱን አየር ከእኛ የሚያዝያ አየር የባሰ ያደርቀዋል። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝተህ መጽሐፉ አጠገብ አኑር። ቁጥሩ ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከ30 በታች ከወረደ ክፍሉ ውስጥ የአየር ማርጠቢያ አስገባ፣ እሱንም ከመጽሐፉ አርቀህ።

አንተ አባባን ያወቅኻቸው ሸምግለው ከዘራ ይዘው ነው። እጃቸው ከመንቀጥቀጡ በፊት ምን እንደሚሠራ አላየህም፣ ያየኸውም ጥቂቱን ነው። በ1926 ዓ.ም. ደቡብ ጎንደር ውስጥ ተወልደው ዘጠና ዓመት ኖሩ። ከዚያ ውስጥ ስድሳውን በቆዳና በመቃ ብዕር አሳለፉ። ፋቂም እሳቸው፣ ቁም ጸሐፊም እሳቸው፣ ጥራዙን ሰፍቶ በቆዳ የሚለብጠው ደጓሽም እሳቸው ነበሩ። ሥራው በሦስት ሰው እጅ የሚሄድበት አገር አለ፤ በእኛ ቤት አንድ ሰው ነበር የሚሠራው፣ ሰባት ልጅና አንዲት ሚስት እየረዱት።

ቅዳሜ ገበያ ፍየል ሲገዙ እንደ ሌላው ሰው ወገቡን አይዳብሱም፤ ጠጉሩን ገልጠው ቆዳውን ነው የሚያዩት። መዥገር የበላውን፣ እሾህ የቧጨረውን አይነኩም። በግ አይፈልጉም፤ የበግ ቆዳ ስብ የበዛበት ስለሆነ ሲፋቅ እንደ ሽንኩርት ይላጣል፣ ቀለምም በደንብ አይቀበልም። አራጁን «በቢላዋ ሳይሆን በጡጫህ ግፈፍልኝ» ብለው ይለምኑታል። የቢላዋ ጫፍ ከውስጥ በኩል ስትጭረው ለዐይን አትታይም፤ ቆዳው ሲወጠር ግን ያቺ ጭረት ተለጥጣ እንቁላል የምታክል ቀዳዳ ትሆናለች። ያንተ ዳዊት መካከል አካባቢ በአንዱ ቅጠል የታችኛው ኅዳግ ላይ በጅማት የተሰፋች አንዲት አለች። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ስለሰፏት በጣትህ ብትዳብሳት እንኳ እብጠት የላትም።

የፈረንጅ ብራና በኖራ ውሃ ይነከራል። የአባባ በንጹሕ ውሃ ብቻ ነበር፣ ሦስት ቀን ያህል። ቀኑ ካለፈ ቆዳው መበስበስ ይጀምራል፤ ቶሎ ከወጣ ደግሞ ሥጋው አይለቅም። ከዚያ ዳር ዳሩን በጥተው ትንንሽ እንጨት እየሰኩ በጠፍር ከመወጠሪያው ጋር ይጠፍሩታል። የሥጋውን ገጽ በመፋቂያው ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል። ቀጥለው ውሃ እያፈሰሱ በዚያ በሚንሳፈፈው ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ያሹታል። ሲደርቅ የጠጉሩ ገጽ ይፋቃል። በየመሃሉ ጠፍሩ መጥበቅ አለበት፤ አንድ ወገን ከላላ ቆዳው እዚያ ላይ ይወፍርና ጥራዙ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል። የሚደርቀውም በማለዳ ፀሐይ ነው። የቀትር ፀሐይ ካገኘው እንደ ቀንድ ይጠነክራል፣ ዳሩ ከመሃሉ ቀድሞ ይደርቅና ይቀድደዋል። ቀትር ሲሆን እኛ ልጆች መወጠሪያውን በሁለት ወገን ተሸክመን ወደ ወይራው ጥላ እንሮጥ ነበር። ልጄ፣ ከቀትር ፀሐይ የሸሸውን ቆዳ ነው አንተ ማሞቂያ ላይ ያቆምከው!

ከአንድ ደህና ፍየል አራት ድርብ ቅጠል ይወጣል፤ አራቱ ሲታጠፉ ስምንት ቅጠል፣ አንድ ጥራዝ ይሆናሉ። ያንተ ዳዊት ሃያ ጥራዝ ነው፣ ሃያ ፍየል ማለት ነው። ሦስት ደግሞ ተበላሽተውባቸዋል። ገልጠህ ብታየው ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ገጾች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ሥጋው ከሥጋው፣ ጠጉሩ ከጠጉሩ ጋር እንዲገጥም አድርገው አጥፈውታልና፤ ነጣ ያለው የሥጋው ነው፣ ቢጫ የሚለው የጠጉሩ። መስመሩ በቀለም አልተሰመረም። ዳርና ዳሩን በወስፌ ወግተው በደነዘዘ ብረት የጫሩት ነው፤ ብርሃን በጎን ሲመታው ይታያል።

ለሰው የሚጽፉት ዳዊት ከቆዳው እስከ ድጉሱ ስምንት ወር ያህል ይወስድባቸው ነበር። ይህኛው ግን ለቤታቸው ስለሆነ በትርፍ ሰዓት ከ1955 እስከ 1958 ዓ.ም. ፈጀ። ዳዊት ሲጻፍ ስንኝ በስንኝ ነው፣ እያንዳንዱ ስንኝ የራሱን መስመር ይዞ ይሄዳል። ስንኙ ከረዘመ ትርፉን ከጫፉ በላይ ወይም በታች ማስጠጋት አለ፤ ጀማሪን የሚያስለቅሰው ይህ ነው። በየአሥሩ መዝሙር መጨረሻ ላይ ያለውን ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ ሐረግ አይተኸው ይሆናል። መዝሙር 118 ላይ በዕብራይስጥ ፊደላት ስም አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ የሚወርደውን ቀይ አርእስት ደግሞ ለብቻው በሌላ መቃ ነው የጻፉት።

አሁን መዝሙር 90ን አውጣ፣ «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል» የሚለውን። በላይኛው ኅዳግ ላይ አንዲት መስመር ለብቻዋ ተጽፋ፣ ከታች ደግሞ የተዘለለችበት ቦታ ላይ ትንሽ ምልክት ታገኛለህ። ያን ቀን እናቴ እኔን ልትወልድ ምጥ ይዟት ነበር። አዋላጇ ወንድ አላስጠጋ ስላለቻቸው ወይራው ሥር ተቀምጠው መጻፍ ያዙ፤ ጆሯቸው ግን ቤት ውስጥ ነበር። መስመሯን መዝለላቸውን ያወቁት ከሳምንት በኋላ ነው። ገጹን መፋቅ ይችሉ ነበር። የተሳሳተ ፊደል በስለት ይላጥና በድንጋዩ ይለሰልሳል፤ በደንብ ካልለሰለሰ አዲሱ ቀለም እንደ ሥር ይሰራጫል እንጂ ሥራው ለእሳቸው ቀላል ነበር። አልፋቁትም። «ይህቺስ የልጄ መስመር ናት፣ ከላይ ትቀመጥ» አሉ። እናቴ ናት የነገረችኝ፤ እሳቸው አንድ ቀን ስለዚህ አውርተው አያውቁም።

እንዲህ ነበሩ። ልጅ ሲያለቅስ መቃውን ያስቀምጣሉ። የተቆጣ ሰው እጅ ፊደል ያጣምማል ብለው ከሰው ጋር ክፉ ቃል ከተነጋገሩ በኋላ አይጽፉም። ዓመት ሙሉ ከቤት የሚያርቅ ሥራ ከገዳም ቢመጣላቸው ቆዳውንና ጽሕፈቱን እዚሁ ቤቴ ላድርገው ይላሉ እንጂ አይሄዱም። እኛ ሰባታችን ተምረን የወጣነው በዳዊት፣ በውዳሴ ማርያምና በተአምረ ማርያም ዋጋ ነው። እናቴ ዐይኗ ከጠፋ ጀምሮ በየማታው የዕለቱን ዳዊት ያነቡላት ነበር፣ እሷ እስክታርፍ ድረስ፣ ዘጠኝ ዓመት። ሰማንያ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው መቃው አልታዘዝ አላቸው። ከዚያ በኋላ መቃ እየቀረጹ ለሌሎች ጸሐፊዎች ይሰጡ ነበር። አንድ ሰው በዕድሜው መጨረሻ ለሌላው ብዕር እየሳለ ሲቀመጥ ማየት እንዴት እንደሚያንገበግብ ልነግርህ አልችልም።

ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ልጻፈው። እኔ ተማሪ ቤት «የፋቂ ልጅ» ይሉኝ ነበር። ዳዊቱን በመሶብ ወርቅ ያኖሩታል፤ ቆዳውን የፋቀውን ሰው ልጅ ግን አጠገባቸው አያስቀምጡም። ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረ። አንተ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆንህ በክረምቱ ዕረፍት ከአባባ እግር ሥር አልነሣም አልክ፤ መፋቂያውን በሁለት እጅህ ይዘህ ምላስህን አውጥተህ ስትፍቅ መጣሁ። በጆሮህ ይዤ አነሣሁህ። «ቆዳ ቆዳ አትሽተትብኝ፣ ሒሳብህን ሥራ» አልኩህ። አባባ ቀና ብለው አዩኝ፣ ምንም አላሉም፤ መፋቂያውን ከመሬት አንሥተው ጠረጉት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንተን ወደ ሥራው አልጠሩህም። የተጠየፉኝ ሰዎች ያሉትን ነበር እኔ በእሳቸው ፊት ደግሜ ያልኩት። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። አንተን ግን እጠይቅሃለሁ።

በል ይብቃኝ። ወደ መጽሐፉ ልመለስ።

አንዱ ጥራዝ ላልቶ ወጣ ወጣ ማለቱን በፎቶው አይቻለሁ። ኮላ እንዳታስነካው፣ «እጠግነዋለሁ» ለሚል ወዳጅም እንዳትሰጠው። ጀርባው ላይ አንዲት ጠብታ ሙጫ የለም። ጥራዞቹ በአራት ቀዳዳ፣ ሁለት ሁለቱ በአንድ ጅማት፣ በሁለት መርፌ እርስ በርስ እየተቆላለፉ የተሰፉ ናቸው፤ ጅማቱ በመጨረሻ በገበታው ጠርዝ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ነው ሲገለጥ ለጥ ብሎ የሚተኛው፤ ስለዚህም ነው ጅማቱ ቢበጠስ ተፈትቶ እንደገና የሚሰፋው። ኮላ ከገባበት ግን ደርቆ ይጠነክርና በተገለጠ ቁጥር ቅጠሉን በእጥፋቱ ላይ ይሰብረዋል፤ ቢፈታም ቆዳውን ይዞ ይላጣል። ገበታው ዋንዛ ነው። ቢሰነጠቅ የሚሰነጠቀው በቁመቱ፣ በእንጨቱ ሥር አቅጣጫ ነው። አባባ ቢሆኑ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በስተው በጅማት ይሰፉት ነበር። የሚሰነጥቀው ምን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ማሞቂያው ነው። ታቹ ሲደርቅ ላዩ ሳይደርቅ ይቀራል፣ እንጨቱ ይጎብጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል።

ድጉሱ ደረቀ ብለህ ቅቤም ቫዝሊንም አትቀባው። ቅባት ከቆዳው አልፎ ወደ ብራናው ይዘልቃል፣ ያለፈበት ቦታ እንደ ዘይት ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል፣ አቧራም ይሰበስባል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፍ። በእርጥብ ጨርቅ ከጠረግኸው ፊደሉ ከጨርቁ ጋር ይሄዳል። ስታነብ እጅህን ታጠብና አድርቅ፣ ጧፍ አታብራበት፣ ከገበታው በታች በሁለት ወገን ትራስ አድርግለት። ከመደርደሪያ ስታወርደውም ጀርባውን ይዘህ አትጎትተው።

ከሚኒያፖሊስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮሌጅቪል በሚባለው ስፍራ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት አለ። በእኛ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየገዳሙና በየደብሩ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ቅጂ የሚገኘው እዚያ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚያን መጻሕፍት መርምረው ካታሎግ ሲያዘጋጁ የኖሩትም እዚያው ነው። ለቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ደውልላቸው፣ ፎቶውን አሳያቸው፣ የኢትዮጵያን ድጉስ የሚያውቅ ጠጋኝ ማን እንደሆነ ጠይቃቸው። መጽሐፉ ከሀገር ሲወጣ የተሰጠንን የፈቃድ ወረቀት ኮፒ ይዘህ ሂድ፤ ዋናው ያለው ፓስፖርትህን የምታስቀምጥበት ፖስታ ውስጥ ነው።

አክስትህ ይዛልህ የምትመጣው አንድ ትንሽ ጥቅል አለ። አዲስ ማኅደር አሠርቼልሃለሁ፤ ማንገቻው ጠንካራ ነው። ውስጡ የመዳፍ ስፋት ያለው የብራና ቁራጭ፣ አባባ ራሳቸው የቀረጹት አንድ መቃ፣ እና ባቄላ የምታክል የደረቀች ጥቁር ቀለም አለች። ቀለሟ የእኔ ናት። ቀለም የወጥ ቤት ሥራ ስለነበር ከእናቴ ጋር የምሠራው እኔ ነበርኩ። ከምጣድና ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት ሦስት እፍኝ፣ እስኪከስል የተቆላ ገብስ አንድ እፍኝ፣ የግራር ሙጫ ግማሽ እፍኝ። ተወቅጦ፣ ተሰልቆ፣ በውሃ ተለውሶ በገንቦ ሦስት ወር ይቀመጣል፣ በየቀኑ ይማሰላል። ሙጫው ካነሰ ፊደሉ በጣት ይነሣል፣ ከበዛ ያብለጨልጭና ይሰነጠቃል። ይህችኛዋን በጥፍሬ ፈትኛታለሁ፣ ደህና ናት።

የዳዊቱን የመጨረሻ ቅጠል ታውቀዋለህ። የእኛ የሰባታችን፣ የእናንተም የአሥራ አንዳችሁ የክርስትና ስምና ቀን በአባባ እጅ ተጽፎበታል፤ ፊደሉ እየወረደ ሲሄድ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። ከታቹ አራት ጣት ያህል ባዶ ቦታ አለ። ልጅህ በሰማንያ ቀኗ፣ የካቲት 10፣ ክርስትና ስትነሣ ስሟን እዚያ ትጽፋለህ። በስክሪብቶ እንዳይሆን! የስክሪብቶ ቀለም ይሰራጫል። ቀለሟን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ከፈላና ከቀዘቀዘ ውሃ ሦስት አራት ጠብታ ጋር እሻት፣ ወተት እስክትመስል ድረስ ትወፍር። መቃውን ጫፉን ብቻ ንከር፣ ትርፉን ጠርዙ ላይ አራግፍ። መጀመሪያ ቁራጩ ብራና ላይ ሃያ ጊዜ ጻፍ፣ ሃያ ብያለሁ። እጅህ ሲረጋ ወደ መጽሐፉ ሂድ። ከጻፍክ በኋላ እስከ ማግሥቱ ሳትዘጋው ይደር። ቶሎ ይድረቅልኝ ብለህ ማሞቂያው አጠገብ እንዳታስጠጋው።

አክስትህ ቅዳሜ ማታ ትደርሳለች። ጉልበቷ ስለሚያማት ደረጃ እንዳታስወጣት፣ ወፍራም ካፖርትም ይዘህላት ሂድ። በርበሬውና ሽሮው በሰማያዊው ሻንጣ ነው፣ ጥቅሉ በእጅ ቦርሳዋ። ስሟን ጽፈህ ስትጨርስ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። መደርደሪያውንም አብረህ አንሣው፤ ከማሞቂያው በላይ ምንም እንደሌለ ልየው።

እናትህ